የካህኑ ቤተሰብ በባዕድ ምድር፤ ከአዘና እስከ ኪንግስተን



በባዕድ ሀገር ስለሚሰጥ ሐዋርያዊ አገልግሎት ሲነገር የምንሰማው አብዛኛውን ጊዜ የአንድ አባት ታሪክ ነው። ማን እንደ ተላከ፣ በየትኛው ዓመት እንደ ሄደ፣ ስንት ነፍሳትን እንዳጠመቀ፣ የትኛውን አጥቢያ እንደ መሠረተ ይነገራል። ከእርሱ ጋር የተሰደደችው ባለቤቱና በማያውቁት ቋንቋ ትምህርት ቤት የገቡት ልጆቹ ግን በታሪኩ ውስጥ እምብዛም አይገኙም። የሚላኩት መነኮሳት ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ይህ ባላስጨነቀን ነበር። ዛሬ ግን በአሜሪካ፣ በአውሮፓ፣ በአውስትራልያና በመካከለኛው ምሥራቅ ባሉ አጥቢያዎቻችን ከሚያገለግሉት ካህናት ብዙዎቹ ባለትዳሮችና የልጆች አባቶች ናቸው። ስለዚህ አገልግሎቱን ከነቤተሰቡ ማየት ይገባናል ብለን ይህን ጽሑፍ አዘጋጅተናል።

ነገሩ አዲስ እንዳይመስለን አስቀድመን ወደ ቅዱስ መጽሐፍ እንመለስ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 ላይ አቂላና ጵርስቅላ የሚባሉ ባልና ሚስት እናገኛለን። አቂላ በትውልዱ የጳንጦስ ሰው ነው፤ ቄሣር ቀላውዴዎስ አይሁድን ከሮም ባስወጣ ጊዜ ከባለቤቱ ጋር ወደ ቆሮንቶስ ተሰደደ። ሥራቸው ድንኳን መስፋት ነበረ። ቅዱስ ጳውሎስም የሥራ ባልደረባቸው ሆኖ በቤታቸው ተቀመጠ፤ በዚያች ከተማም ዓመት ከስድስት ወር አስተማረ። ኋላም አብረውት ወደ ኤፌሶን ተሻገሩ። በዚያ አጵሎስ የሚባለውን፣ አንደበተ ርቱዕ የሆነውን እስክንድርያዊ መምህር ወደ ቤታቸው ወስደው የእግዚአብሔርን መንገድ አጥብቀው ያስረዱት እነዚሁ ባልና ሚስት ናቸው። ሐዋርያው በመልእክቶቹ ሰላምታ ሲያቀርብላቸው በቤታቸው ያለችውንም ቤተ ክርስቲያን አብሮ ያነሣል (ሮሜ 16፥3-5፤ 1ኛ ቆሮ. 16፥19)።

ልብ ብለን እናስተውል። እነዚህ ሰዎች ስደተኞች ነበሩ፤ በእጃቸው ሠርተው የሚበሉ ነበሩ፤ ቤታቸውም መማሪያ፣ ማረፊያና የጸሎት ስፍራ ነበረ። ዛሬ በባዕድ ከተማ ከሰኞ እስከ ዐርብ ታክሲ እየነዳ ወይም በሆስፒታል እየሠራ፣ ቅዳሜና እሑድ የሚቀድሰው ካህን ኑሮ ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ልዩነቱ፣ ሐዋርያው ጵርስቅላን በስሟ ጠርቶ ያመሰገናት ሲሆን እኛ የካህናቶቻችንን ባለቤቶች ስም እንኳ ሳናውቅ ዓመታት ማለፋቸው ነው።

ከአዘና የሚነሣው መንገድ

የዚህን አገልግሎት መነሻ ለማሳየት በአዊ ዞን ያለችውን አዘናን መርጠናል። አዘና በሀገሬው ትውፊት ከሰባቱ አገው ወንድማማቾች የአንዱ ስም ነው። አንከሻ፣ አዘና፣ ባንጃ፣ ቻራ፣ ኳኩራ፣ መተከልና ዚገም ተብለው ይቈጠራሉ። ምድሩ ደጋና ወይና ደጋ፣ ሕዝቡ ገበሬ፣ ፈረሱ የታወቀ፣ ቋንቋው አዊኛ ነው።

በዚህ አካባቢ የሚወለድ ልጅ ለክህነት ቢታጭ ሦስት ቋንቋዎችን ማለፍ ይኖርበታል። ከእናቱ ጋር የሚነጋገረው በአዊኛ ነው። የሰፈር ስብከትን፣ የመምህሩን ተግሣጽና የገበያውን ንግግር በአማርኛ ይሰማል። ፊደል ቈጥሮ ንባብ ሲጀምር፣ ዳዊት ሲደግም፣ ከዚያም ዜማ ሲያጠና የሚገባው በግእዝ ነው። ቅኔ ለመቀኘት ቢፈልግ ኮቾሮውንና አኩፋዳውን ይዞ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ነዋሸራ፣ ወደ ነጎንጅ፣ ወደ ነዲማ ጊዮርጊስ ይሻገራል። ውሻ እየተከላከለ፣ ቁራሽ እየለመነ፣ በሰው ሀገር ሰው ሆኖ መኖርን የሚማረው በዚያ ነው። የአብነት ተማሪ ሕይወት ራሱ የባዕድነት ትምህርት ቤት ነው ብንል አልተጋነነም።

የአገው ምድር ክርስትና ቀስ በቀስ፣ በተለይም በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እየሰፋ የመጣ ነው። ነገሥታቱ በዘመቻ፣ መነኮሳቱና ካህናቱ በትምህርት ወደ አካባቢው ገብተዋል። የዘመቻው መንገድ የራሱ ቁስል እንዳለው ታሪክ የሚያነብ ሁሉ ያውቀዋል። እምነቱ ግን የጸናው በቤት ነው። ማዕተብ በልጅ አንገት ላይ የምታስር እናት፣ ጾሙን የምታስቈጥር አያት፣ ቅዳሴ ደርሶ ሲመለስ የሰማውን ለልጆቹ በአዊኛ የሚያስረዳ አባት ናቸው ያጸኑት። ቅዱስ ጳውሎስ የጢሞቴዎስን እምነት ሲያነሣ አያቱን ሎይድንና እናቱን ኤውንቄን የጠቀሰው ስለዚህ ነው (2ኛ ጢሞ. 1፥5)። የጢሞቴዎስ አባት ግሪካዊ ነበረና ያ ቤትም እንደ አዘና ቤት ከአንድ በላይ ቋንቋ የሚሰማበት እንደ ነበረ መገመት አይከብድም።

ከአዘና ወደ ምዕራብ፣ ቁልቁል ወደ ቆላው ቢወረድ መተከል ይገኛል። በዚያ የሚኖረው የጉሙዝ ሕዝብ ቋንቋው ከአዊኛም ከአማርኛም ፈጽሞ የተለየ ነው። ደገኛው ለብዙ ዘመናት ወደዚያ ይወርድ የነበረው ለባርያ ፍንገላ መሆኑን ሳንሸሽግ መናገር ይገባናል፤ ወንጌል በዚያ የዘገየበት አንዱ ምክንያት እርሱ ነውና። ሰው ትናንት ልጁን ከነጠቀው ሰው አፍ የምሥራች ለመስማት ይከብደዋል። በቅርብ አሥርት ዓመታት ቤተ ክርስቲያንና ማኅበራት መምህራንን እያሠለጠኑ፣ ከጉሙዝ ወገን የሆኑ አገልጋዮችንም እያስተማሩ ብዙዎች ለጥምቀት በቅተዋል። በ2013 ዓ.ም. በመተከል በነበረው ግጭት የተፈናቀሉ ብዙ ወገኖች በአዊ ዞን በቻግኒ አቅራቢያ ራንች በተባለው መጠለያ ተጠግተው እንደ ነበረም አንዘነጋውም። ባዕድ ሀገር ለመድረስ የግድ ባሕር መሻገር አያስፈልግም። ከአዘና የሚነሣ ካህን የመጀመሪያውን ባዕድ ሀገር በእግሩ ወርዶ ያገኘዋል።

ባሕር ማዶ ያለው ኑሮ

ካህኑ ወደ ውጭ ሲሄድ ምን ይጠብቀዋል? ምእመናን ብዙ ጊዜ የሚያዩት የእሑዱን ቅዳሴ ነውና ከኋላው ያለውን ጥቂት እንግለጥ።

ቅዳሴ በሥርዓታችን ቢያንስ አምስት ልኡካን ይሻል፤ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት። በአዘና ይህ ቁጥር አያስጨንቅም። ጥቂት ምእመናን ባሉበት የባዕድ ከተማ ግን አምስት ልኡካን ማግኘት ዋናው ችግር ነው። ከሌላ ከተማ ካህን ይለመናል፤ ዲያቆናቱ የሌሊት ሥራቸውን ጨርሰው በአውቶቡስ ይመጣሉ፤ አንዱ ቢታመም ቅዳሴው ይቀራል። ስለዚህ የካህኑ ወንድ ልጅ ድምፁ ሳይጎረምስ ዲቁና እንዲቀበል ይፈለጋል። ይህ በረከት ነው፤ ሸክምም ነው። የክፍል ጓደኞቹ ቅዳሜ ምሽት ሲጫወቱ እርሱ ለሌሊት ጸሎት ለመነሣት በጊዜ ይተኛል። በፍቅር ከተያዘ ያድግበታል። በግዴታ ብቻ ከተያዘ 18 ዓመት በሞላው ማግስት ቤተ ክርስቲያንን ለቆ ሲሄድ እናያለን።

ብዙ አጥቢያዎች የራሳቸው ሕንፃ ስለሌላቸው ከሌሎች አብያተ ክርስቲያናት አዳራሽ ይከራያሉ። ምንጣፍ ማንጠፍ፣ መጋረጃ መስቀል፣ ንዋያተ ቅድሳቱን በክብር ማውጣትና መመለስ፣ በተወሰነው ሰዓት አዳራሹን ጠርጎ ማስረከብ የየሳምንቱ ሥራ ነው። በዚህ ሁሉ የካህኑ ባለቤት ተሳታፊ ናት። ከቅዳሴ በኋላ የሚቀርበውን መክፈልት አዘጋጅታ፣ የታመመችውን እኅት ጠይቃ፣ አዲስ የመጣውን ስደተኛ ወጣት ቤቷ አሳድራ፣ ሰኞ ማለዳ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ደመወዝ የሚታሰበው ለካህኑ ነው፤ ያውም ከታሰበ። የሰበካ ጉባኤ አባላት በዚህ አንቀየምም ቢሉን ደስ ይለናል።

የበዓላቱ አቈጣጠር ሌላ ፈተና ነው። የጌታችን ልደት ታኅሣሥ 29፣ ጥምቀት ጥር 11 በውጭው አቈጣጠር ጃንዋሪ 7 እና 19 ላይ ይውላሉ። የትምህርት ቤቱ ዕረፍት በዚያን ጊዜ አልፏል፤ ሕፃኑ በልደት ዕለት ፈተና ይቀመጣል። በዐቢይ ጾም የትምህርት ቤት ምሳ ወተትና ሥጋ ነው። እናቱ የምትቋጥርለትን ሽሮ ጓደኞቹ እንዳያዩበት የሚደብቅ ልጅ አለ። አንዲት እናት ይህን ለማሸነፍ ልጇን ምን ብላ ታስረዳዋለች? ማስረጃውን በአማርኛ ብቻ ካላት እርሱም የሚረዳው በእንግሊዝኛ ብቻ ከሆነ ማንን ትጠራለች?

ከሁሉ የሚከብደው የንስሐ ጉዳይ ነው። ካህን በልማዳችን ለገዛ ባለቤቱና ልጆቹ የንስሐ አባት አይሆንም። በሀገር ቤት ጎረቤት አጥቢያ ሌላ አባት አለ። በባዕድ ከተማ ግን ብቸኛው ካህን የልጁ አባት ነው፤ የሚቀጥለው ካህን መቶ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ይገኛል፤ ቢገኝም አማርኛና ግእዝ እንጂ ልጁ ኃጢአቱን የሚናገርበትን ቋንቋ አይሰማም ይሆናል። እንግዲህ የሌሎችን ልጆች የሚጠብቀው ካህን የራሱን ልጅ ለማን አሳልፎ ይስጥ? ሌላው ምእመን ችግሩን ለካህኑ ያማክራል። የካህኑ ቤት ሰዎች ግን ያንኑ ካህን በእራት ገበታ ላይ ደክሞት ያገኙታል።

በዚህ ላይ የክህነት ሕግ አለ። ዲያቆን ቅስና ከመቀበሉ በፊት በቅዱስ ቁርባን ያገባል፤ ከቀሰሰ በኋላ ማግባት የለም። ትዳሩ ቢፈርስና ሌላ ቢያገባ ክህነቱ ይቀራል። ስለዚህ ባለቤቱን በሀገር ቤት ትቶ በጉዞ ፈቃድ ምክንያት አምስትና ስድስት ዓመት ተለይቶ የሚኖር ካህን አደጋ ላይ የሚጥለው ትዳሩን ብቻ አይደለም። አጥቢያው ሁሉ የቆመው በዚያ ትዳር ላይ ነው። ይህን የምንጽፈው ማንንም ለመንቀፍ አይደለም፤ ነገር ግን አጥቢያዎች ካህን ሲጠይቁ ድምፁንና ሙያውን እንደሚመረምሩ ሁሉ ስለ ቤቱም መጠየቅ ይገባቸዋል ብለን እናምናለን።

የካሪቢያን ምስክርነት

በባዕድ ሕዝብ መካከል የተሠራውን ሥራ ስናነሣ የጃማይካው አገልግሎት ይቀድማል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን ሲደርሱ የተቀበላቸው ሕዝብ ብዛት በታሪክ ይታወቃል። ከመካከሉ ብዙዎቹ ንጉሡን እንደ አምላክ የሚያዩ የራስ ተፈሪያን እምነት ተከታዮች ነበሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1970፣ አባ ላእከ ማርያም ማንደፍሮ፣ ኋላ ብፁዕ አቡነ ይስሐቅ የተባሉት አባት፣ ቤተ ክርስቲያንን በዚያ ለመትከል ወደ ጃማይካ ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1979 ሊቀ ጳጳስ ሆነው የምዕራቡን ንፍቀ ክበብ አገልግሎት መርተዋል።

ብፁዕነታቸው የገጠማቸው ፈተና ለማንኛውም መምህር ከባድ ነው። ሊጠመቁ ከመጡት አንዳንዶቹ በንጉሡ ስም ይጠመቁ ዘንድ ጠየቁ። አባታችን ግን በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም እንጂ በሌላ አናጠምቅም አሉ። በዚህ ምክንያት ጥለው የሄዱ ነበሩ። ቀርተው የተማሩትና የተጠመቁት ግን በሺህ የሚቈጠሩ ናቸው። ቁጥር ለማብዛት ሲባል እምነት ሊሸረፍ እንደማይገባው፣ ሰውንም በንቀት መመለስ እንደማይገባ በአንድ ጊዜ አሳይተውናል። ለዚህም ዓመታት የፈጀ ትዕግሥት አስፈልጓቸዋል።

ከዚያ ሕዝብ መካከል በዓለም ሁሉ የታወቀው ዘፋኝ ቦብ ማርሊ አንዱ ነው። በጥቅምት 1973 ዓ.ም. ከብፁዕነታቸው እጅ ተጠምቆ ብርሃነ ሥላሴ ተባለ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ሲያርፍም ግንቦት 13 ቀን 1973 ዓ.ም. ጸሎተ ፍትሐቱ በኪንግስተን በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ተደረገለት። ጋዜጦች የጻፉት ስለ እርሱ ነው። ለእኛ የሚገርመን ግን ባለቤቱና ልጆቹ ከእርሱ አስቀድመው የተጠመቁ መሆናቸው ነው። ቤቱ ቀድሞ ገባ፤ እርሱ ተከተለ። ይህ በመጽሐፍም የምናውቀው ነው፤ በፊልጵስዩስ የወኅኒው ጠባቂ ከነቤተ ሰቡ ተጠምቋል፤ ልድያም እንዲሁ (ሐዋ. 16)።

ይህ አገልግሎት ያለ ትርጉም ሥራ አይሆንም ነበር። መጽሐፈ ቅዳሴያችን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጒሞ ታትሟል። ሥራውን የሠሩት ግብጻዊው ካህን መርቆስ ዳውድ ሲሆኑ ያረሙት የሀገራችን ሊቅ ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ ናቸው። ግብጻዊ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ባይኖር፣ ኢትዮጵያዊውም እንግሊዝኛን ባያውቅ የኪንግስተን ምእመን ምን እንደሚባልለት ሳያውቅ ይቆም ነበር። እኛም ራሳችን የዚህ ዓይነት ሥራ ፍሬዎች ነን። ከሣቴ ብርሃን አባ ሰላማ ከወንድማቸው ጋር በልጅነታቸው ከጢሮስ ወገን መጥተው በአክሱም አደጉ፤ ተስዓቱ ቅዱሳን ግእዝ ተምረው መጻሕፍትን ተረጐሙልን። ባዕዳን ሆነው መጥተው ቋንቋችንን ስለ ተማሩ እኛ ክርስቲያን ሆንን።

በዚህ ላይ የአዘናው ካህን ከሌላው የሚበልጥበት ነገር አለ። እምነቱን የተቀበለው የእናቱ ባልሆነ ቋንቋ ነው። ልጅ ሆኖ በቅዳሴ መካከል ቆሞ ያልገባውን ቃል ያስታውሳል፤ አባቱ በአዊኛ ያስረዳውንም ያስታውሳል። ስለዚህ በኪንግስተንም ሆነ በለንደን በእንግሊዝኛ የሚያስብ ሕፃን ፊቱ ሲቆም አማርኛ ባለማወቁ ሊቈጣው አይገባም። ያ ልጅ እርሱ ራሱ ነው። ግእዙን ጠብቆ፣ ዜማውን አስተምሮ፣ ትርጓሜውን ግን ልጁ በሚሰማው ቋንቋ ቢሰጠው የሚቀር ነገር የለም። «ልጆቻችን ቋንቋቸውን ረሱ» የሚለው ሐዘን እውነት ነው፤ እኛም እናዝናለን። አማርኛን ማስተማርና ወንጌልን ማስተማር ግን ሁለት ሥራዎች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን እስኪጠብቅ ልጁ ያድጋል።

አንድ ሌላ ነገር ሳናነሣ አናልፍም። ከ1984 ዓ.ም. በኋላ በተፈጠረው መለያየት ምክንያት በውጭ ያሉ አጥቢያዎች ለ26 ዓመታት ያህል ተከፋፍለው ኖረዋል። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. በዋሽንግተን ዲሲ በተደረገው ዕርቅ ሁለቱ ሲኖዶሶች አንድ ሆነዋል፤ ለዚህም እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን በእነዚያ ዓመታት ያደጉ ልጆች፣ አንድ ዓይነት ቅዳሴ የሚቀድሱ አባቶቻቸው በመንገድ ሲገናኙ ሰላምታ ሲነፋፈጉ አይተዋል። የካህናት ልጆች ደግሞ ከሁሉ በቅርብ አይተዋል። ዕርቁ በሊቃነ ጳጳሳት ደረጃ ተፈጽሟል፤ በእራት ገበታ ላይ የሰሙት ወሬ ግን ከልባቸው እንዲወጣ ወላጆቻቸው ራሳቸው ቁጭ ብለው ሊነግሯቸው ይገባል።

ታዲያ ካህን ወደ ውጭ ሲላክ ምን ይደረግ? እኛ የምንለው ቤተሰቡ እንደ አንድ ልኡክ ይቈጠር ነው። ሲመረጥ ባለቤቱም ትጠየቅ፤ ፈቃዷ ይሰማ። ከተቻለ አብረው ይሂዱ፤ ካልተቻለ የመለያየቱ ዘመን አስቀድሞ የተወሰነ ይሁን፤ የጉዞ ፈቃዱንም የካህኑ ጭንቀት ብቻ ሳያደርጉ ጠሪው አጥቢያ ይከታተለው። አንድ ቤተሰብ ብቻውን ከሚላክ በአንድ አካባቢ ሁለት ቤተሰቦች ቢላኩ ልኡካን ይበዛሉ፤ አንዱ ለሌላው ልጆች የንስሐ አባት ይሆናል፤ ሚስቶቹም የሚያማክሩት ሰው ያገኛሉ። ሐዋርያትም ሁለት ሁለት ሆነው ነበር የተላኩት። ወጪው ይበዛል የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው፤ ነገር ግን አንድ ካህን ቤቱ ፈርሶበት አገልግሎቱን ትቶ ሲወጣ አጥቢያው የሚከፍለው ከዚህ ይበልጣል።

ከመሄዳቸውም በፊት የሚሄዱበትን ሀገር ቋንቋ ካህኑም ባለቤቱም ይማሩ። እርሱ በቤተ ክርስቲያን ብዙ ጊዜ በአማርኛ ሊሠራ ይችላል፤ ከልጆቹ መምህራን፣ ከሐኪሙና ከጎረቤቱ ጋር የምትነጋገረው ግን እርሷ ናት። በአዘና ያሉ ዘመዶቻቸውም ለላኩት ቤተሰብ ገንዘብ እንዲልክላቸው ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደ ሰነበተም ይጠይቁ። ስልክ ዛሬ ቅርብ ነው። አያት ለልጅ ልጇ በአዊኛ ብትመርቀው ቃሉ ባይገባውም ድምፁን ያውቀዋል። ቤተ ክርስቲያን በሊጦኗ ስለ መንገደኞች ስትጸልይ፣ በዚያ የምንቆም ምእመናን የካህኑን ብቻ ሳይሆን የባለቤቱንና የልጆቹንም ስመ ክርስትና ጠርተን እናስብ።